«ለአናጢነት ነው እንዴ እንግሊዝ አገር ያመጣሁሽ?»

እዚህ እንግሊዝ አገር ልጆች ዘጠነኛ ዓመት ላይ ሲደርሱ ለጂሲኤስኢ፣ ማለት በአሥራ አንደኛው ዓመት መጨረሻ ለሚወሰደው አገር አቀፍ ፈተና፣ የሚቀመጡባቸውን ትምህርቶች ይመርጣሉ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ አይቀሩም፤ ሌላውን ልጁና ወላጁ ተመካክረው ከዝርዝር ያወጣሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ ዲዛይን ኤንድ ቴክኖሎጂ የሚባል አለ፤ ተማሪዎች ዲቲ ይሉታል። እንጨት፣ ብረትና ፕላስቲክ በእጅ እየያዙ የሚማሩት ትምህርት ነው። በሐበሻ ቤት ስሙ ሲነሣ መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ «ምን ሊያደርግልሽ?» ይመጣል። እኛ ቤት የመጣው ከዚያም የከረረ ነበር፤ እማዬ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና ርእስ ያደረግኩትን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

ትምህርቱን ወስጄ ተፈተንኩ። ዛሬ ለንደን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወርክሾፕ ቴክኒሻን ነኝ። ለክፍሉ እንጨት የምቆርጥ እኔ፣ መሮ የምስል እኔ፣ ጠማማ የገባ ብሎን የማወጣ እኔ። ነገሩን እንደ ተማሪም እንደ ሠራተኛም ስላየሁት ወላጆች ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ ይይዙኝና «ልጄ ዲቲ ልምረጥ አለኝ፣ ምን ትያለሽ?» ይሉኛል። ቆሜ የምመልሰው ስለማይበቃ ነው ዛሬ ተቀምጬ የጻፍኩት።

እማዬን አልፈርድባትም። እኛ አገር በእጁ የሚሠራ ሰው ስም ሲወጣለት የኖረ ነው፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸክላ የምትሠራዋን ምን እያልን እንደምንጠራ ሁላችንም እናውቃለን። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጁ አገር ቤት ቀረ፣ ስድቡ ግን ከእኛ ጋር አውሮፕላን ተሳፍሮ ለንደን ገባ። የሚገርመው የእማዬ የገዛ ታላቅ ወንድም ኮልፌ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። ጋሼ እንለዋለን። ልጆቹን ሁሉ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው በዚያ ቤት ገቢ ነው፤ እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ በሰጋቱራው ክምር ላይ ስንከባለል ነው የዋልኩት። ይህን ስነግራት «እሱ ሳይማር ቀርቶ ነው» አለችኝ። ልትፈርም የቻለችው መምህሩ በወላጆች ምሽት ላይ የፈተናውን ወረቀት አውጥቶ የሒሳብ ጥያቄዎቹን ካሳያት በኋላ ነበር። በጽሑፍ ፈተናው ውስጥ ከነጥቡ ቢያንስ 15 በመቶው ሒሳብ መሆን አለበት። ወላጅ ማሳመን የተቸገረ ተማሪ ካለ ከዚያ ይጀምር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚስተውም ይህንኑ ነው። ልጁ እጀ ብልህ ከሆነ ትምህርቱ ቀላል ይሆንለታል ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። እጅ ብቻውን ግን ሩቅ አይወስድም። የውጤቱ ግማሽ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የጽሑፍ ፈተና ነው። ሌላው ግማሽ ኤንኢኤ የሚባለው ፕሮጀክት ነው፤ በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ ይጀመርና በአሥራ አንደኛው ዓመት ያልቃል። ፈተናውን የሚያወጡት ቦርድ የሚባሉ ድርጅቶች ናቸው፤ ይህ ግማሽ በግማሽ በየቦርዱ አንድ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት በሚፈትንበት በኤኪውኤ ቦርድ ፕሮጀክቱ ከ100 ይታረማል፦ 10 ለምርምር፣ 10 ለሥራው መግለጫና መስፈርት፣ 20 ሐሳብ ለማመንጨት፣ 20 ሐሳቡን ለማዳበር፣ 20 ዕቃውን ለመሥራት፣ 20 ለመመርመርና ለመገምገም። ደምሩት። በእጅ የተሠራው ዕቃ ከፕሮጀክቱ አንድ አምስተኛ፣ ከጠቅላላው ውጤት ደግሞ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ አከፋፈል አይጥመኝም። የእንጨቱ መጋጠሚያ፣ ምላስና ቦዩ፣ ፀጉር ሳያስገባ የገጠመ ሣጥን የሠራ ልጅ፣ ወረቀቱን ስላልሞላ፣ ሣጥኑ ከሚወዛወዝበት ልጅ በታች ሲያገኝ በየዓመቱ አያለሁ፤ ያናድደኛል። ግን ሕጉ ይህ ነው፣ ሕጉን አውቆ መግባት ይሻላል። ደግሞም መዛኙ አካል ብዙ ጊዜ የሚያየው ፎቶውንና ገጾቹን እንጂ ዕቃውን አይደለም። መምህሩ ያርማል፣ ቦርዱ ከተላከለት ማኅደር ላይ እርማቱን ያመሳክራል። ስለዚህ ፎቶ ያልተነሣ ሥራ እንዳልተሠራ ቁጠሩት። እንጨቱ ላይ መስመር ስታሰምሩ፣ ስትቆርጡ፣ ሙጫ ቀብታችሁ በማጥበቂያ ስታጠብቁ፣ ያልገጠመውን ስታስተካክሉ፣ ሁሉንም አንሡ። ከኋላ ያለውን የቆሻሻ ክምር ግን ጠረግ አድርጋችሁ።

የራሴን ፕሮጀክት ልንገራችሁ፤ በምሳሌ ይሻላል። ቦርዱ ጁን 1 ቀን ሰፋ ያሉ ርእሶችን ያወጣል፤ ተማሪው አንዱን ይመርጥና በርእሱ ውስጥ ችግር ያለበትን እውነተኛ ሰው ይፈልጋል። እኔ የመረጥኩት አረጋውያንን የሚመለከተውን ነበር። የክፍል ጓደኞቼ የመድኃኒት ሣጥንና የምርኩዝ ማስቀመጫ መሣል ጀመሩ። እኔ ያሰብኩት ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩትን፣ እማማ የምንላቸውን ጎረቤታችንን ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በርጩማ ላይ ዝቅ ብለው ቡና ማፍላት አቁመዋል። ወንበር ላይ ሆነው ወደ ረከቦቱ ሲያጎነብሱ ወገባቸው ይያዛል። ኩሽና ውስጥ ቆመው አፍልተው ያመጡትና «ይሄ እንኳ ቡና አይደለም፣ ለወጉ ነው» ይላሉ። ስለዚህ ሥራዬ ከወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያፈሉበት ከፍ ያለ ረከቦት መሥራት ሆነ።

መምህሬ ረከቦት አይቶ አያውቅም። ይህ እንዴት እንደጠቀመኝ ልንገራችሁ። ሌላው ተማሪ ስለ መጽሐፍ መደርደሪያ ሲጽፍ ሁሉም ያውቀዋል ብሎ ግማሹን ይዘለዋል። እኔ ግን ሲኒው ለምን እጀታ እንደሌለው፣ ጀበናው ለምን ክብ ታች እንዳለውና ማቶት እንደሚፈልግ፣ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪያልቅ ሴትየዋ ስንት ጊዜ እንደሚያነሡና እንደሚያስቀምጡ ከሥሩ ማስረዳት ነበረብኝ። ነጥብ የሚሰጠው ለዚያ ነው። የእኛ ልጆች ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለባቸውም፤ ቤታቸው ውስጥ ከመሶብ ጀምሮ እስከ ምጣድ ድረስ ማንም ያልነካው ችግር ሞልቷል።

ምርምር ሲባል አሥር ጓደኛ «የምትወደው ቀለም ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ ክብ ሥዕላዊ መግለጫ መሥራት የሚመስላቸው አሉ። ገጽ ይሞላል እንጂ ነጥብ አያመጣም። እኔ ሜትር ይዤ ወረድኩ። እማማ ተቀምጠው ከወለል እስከ ጉልበታቸው ማጠፊያ፣ ከወለል እስከ ክርናቸው፣ ሳይዘረጉ እጃቸው የሚደርስበትን ለካሁ፤ የሞላውን ጀበና በኩሽና ሚዛን መዘንኩ። መስፈርቱም ከዚያ ወጣ። «ጠንካራ መሆን አለበት» የሚል መስፈርት ዋጋ የለውም፤ ማን ይለካዋል? «የሞላ ጀበናና ስድስት ሲኒ ይዞ አንዱ ጠርዝ ላይ በእጅ ሲደገፉበት አይገለበጥም» ሲባል ግን በኋላ ፈትኖ አዎ ወይም አይደለም ማለት ይቻላል። የመጨረሻው 20 ነጥብ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ መስፈርቱ ካልተለካ ግምገማውም ወሬ ብቻ ይሆናል።

ከዚያ እንጨት ከመንካቴ በፊት በሙሉ መጠኑ በካርቶን ሠራሁት። እማማ ተቀመጡና ጀበናውን ሲያነሡ ቀኝ ክርናቸው ከፍ ካለው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። እዚያው በመቀስ ቆርጬ ጠርዙን በአንድ ወገን ዝቅ አደረግኩት፤ የተቆረጠውን ካርቶን ፎቶ፣ ከጎኑ ለምን እንደተቆረጠ ሁለት መስመር። ሐሳብ ማዳበር የሚሉት ይህ ነው። ንጹሕ ሥዕል ብቻ የሞላበት ገጽ ሳይ አሁንም እጠራጠራለሁ፤ ያልተበላሸ ነገር የሌለበት ሥራ አልተፈተነም ማለት ነው።

የቁሳቁስ ምርጫ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትምህርቱን የወደድኩት በዚያ በኩል ነውና። ከሰል በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ማንደድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሚያመጣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተስማማን። ምድጃው የሚቀመጥበት ቦታ ከምን ይሠራ? አክሪሊክ ያምራል፣ በሌዘር ይቆረጣል፤ ግን በሙቀት የሚለሰልስ ፕላስቲክ ነው፣ ወርክሾፕ ውስጥ በ160 ዲግሪ ገደማ አሙቀን የምናጥፈው ያንኑ ነው። ምድጃ ሥር አይሆንም። እንጨት ይጠቁራል። የመረጥኩት የአሉሚኒየም ሉህ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ይወለወላል። ነገር ግን አሉሚኒየም ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል፤ እንጨቱ ላይ በቀጥታ ቢተኛ እንጨቱን ያቃጥለዋል። ስለዚህ በአራት አጫጭር እግሮች ከፍ አድርጌ በመካከል አየር አስገባሁበት። ይህቺ አንድ አንቀጽ በማኅደሬ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ያመጣችልኝ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ምን መረጥክ፣ ለምን፣ ጉድለቱስ፣ እንዴት ተወጣኸው የሚሉትን አራቱንም ትመልሳለች።

አሉሚኒየሙን ሳጥፍ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሉሁ በፋብሪካ ሲዳመጥ ስለሚጠጥር በጠባቡ ሲታጠፍ መታጠፊያው ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያወጣል። መድኃኒቱ ማሞቅና ማለስለስ ነው፤ በእንግሊዝኛ አኒሊንግ ይሉታል። ግን እስከ የት ይሞቃል? ብረት ሲግል ይቀላል፣ ዓይን ያየዋል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊት በብርሃን ቦታ ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት ይዝረከረካል። መምህሩ ተራ የእጅ ሳሙና አመጣና ሉሁን እንድቀባው ነገረኝ። እሳቱን በእርጋታ አዞርኩበት። ሳሙናው መጀመሪያ ደረቀ፣ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። በጠቆረባት ቅጽበት እሳቱን አነሣሁ። ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በሞርሳ ላይ አስሬ ስገፋው እንደ ቆዳ ታጠፈ፤ ስንጥቅ የለም። በፈተናው «አኒሊንግ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ የመጽሐፉ ትርጉም ሳይሆን የሳሙናው ሽታ ነው ትዝ የሚለኝ።

በአሥረኛው ዓመት ከፕሮጀክቱ በፊት የሚሠሩት ልምምዶችም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ብረት ላይ መስመር መጫሪያ ነበር፤ ካርቦኑ ከፍ ካለ ክብ የአረብ ብረት ዘንግ ይሠራል። ጫፉን በሞረድ ታሾሉታላችሁ። ከዚያ እንደ ደረሰ የቡና ፍሬ እስኪቀላ አግላችሁ ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። አሁን ሞረድ እንኳ አይበላውም፣ ያንሸራትተዋል። ጠንክሯል፤ ግን ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ነጭ ታደርጉትና ከጫፉ ራቅ ብላችሁ እንደገና በቀስታ ታሞቁታላችሁ። ቀለም በብረቱ ላይ ሲሄድ ታያላችሁ፦ ከኋላ ሰማያዊ፣ ከፊቱ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ በመሪነት ፈዛዛ የጭድ ቀለም። የጭዱ ቀለም ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ 230 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እንደገና ውሃ ውስጥ። ጥቂት ጥጥረቱን ከፍሎ አለመሰበርን ገዛ። የጽሑፍ ፈተናው ደጋግሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የማይጫር ነገርና የማይሰበር ነገር አንድ አይደሉም። በቃል ያጠና ልጅ ያምታታዋል፣ መጫሪያውን የሠራ ልጅ ግን አይስተውም።

እንጨቱን በተመለከተ የጋሼ ትምህርት ረድቶኛል። እሱ ዋንዛና ቀረሮ ሲያገኝ ይደሰታል፤ ባሕር ዛፍ ሲመጣለት ግን ሲደርቅ ስለሚጠማዘዝና ስለሚሰነጠቅ ይነጫነጫል። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል፤ የሚያብጠውና የሚኮማተረውም በጅማቱ ርዝመት ሳይሆን በስፋቱ ነው። ለንደን ቤት ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ማሞቂያ ስለሚሠራ አየሩ ይደርቃል። ሰፊ ገጽ ከአንድ ወጥ እንጨት ሠርቶ ዙሪያውን በብሎን መቸንከር ስንጥቅ መጋበዝ ነው። ስለዚህ የረከቦቱን ገጽ ከኮምፔንሳቶ፣ እግሮቹን ቢች ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ሠራሁ። ኮምፔንሳቶ ንጣፎቹ ጅማታቸው እየተሻገረ ስለሚጣበቅ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ጠርዙ ግን ንብርብሩ ስለሚታይ ቀጭን የቢች ጠርዝ ለጠፍኩበት፤ እማማ «ይሄስ የቢሮ ጠረጴዛ መሰለ» እንዳይሉኝ።

ጋሼን ካነሣሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። በየሳምንቱ በዋትስአፕ ይደውልልኝና «ማዕዘኑን እንዲህ አድርጊው» ይለኝ ነበር። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፕሮጀክቱ የተማሪው ብቻ መሆን አለበት፣ የተገኘ እርዳታም ካለ ይመዘገባል። መምህሩ እንኳ «እንዲህ ሥሪው» ብሎ ማዘዝ አይፈቀድለትም፤ አጠቃላይ አስተያየት ብቻ ነው የሚሰጠው። አናጢ አባት፣ ብየዳ የሚያውቅ አጎት ያላችሁ ልጆች፣ ዕቃው ቤት ሄዶ በአንድ ሌሊት አምሮ ከመጣ ጥያቄ ይነሣል፤ ውጤቱ እስከመሰረዝ ሊደርስ ይችላል። እኔ ጋሼን የምጠይቀው «ለምን?» ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ለምን ያ ማገናኛ፣ ለምን ያ ሙጫ። መልሱን ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቼ ውሳኔውን ራሴ እጽፋለሁ። እሱም ደስ አለው፤ ለካ «ለምን» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሒሳቡን ለሚፈሩ አንድ ምሳሌ። 2440 በ1220 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሉህ 600 በ400 የሆኑ ስንት ቁራጮች ይወጣሉ፣ የሚባክነውስ ስንት በመቶ ነው? በርዝመቱ 4፣ በወርዱ 3፣ ስለዚህ 12። የሉሁ ስፋት 2,976,800፣ የቁራጮቹ 2,880,000 ካሬ ሚሊ ሜትር፤ ብክነቱ 3.3 በመቶ አካባቢ። ይህን የሚሠራ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ተፈታኞች የሚወድቁት ሒሳቡ ከብዷቸው ሳይሆን መጋዙ ራሱ በየመስመሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንደሚበላ ስለሚረሱ፣ ወይም መለኪያውን ከሴንቲ ሜትር ጋር ስለሚያደባልቁ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ሁሉም በሚሊ ሜትር ነው፤ ቤትም ስትለማመዱ ሴንቲ ሜትርን እርሱት።

ወላጆች ከሁሉ በላይ የሚጨነቁት ለጣት ነው። ተማሪ በክብ መጋዝና በመላጊያ ማሽን አይሠራም፤ ያ የእኛ የቴክኒሻኖች ሥራ ነው። በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን)፣ በአሸዋ ወረቀት ማሽን፣ በሌዘር መቁረጫ ግን ይሠራሉ። መነጽር፣ ሽርጥ፣ የታሰረ ፀጉር፤ ሻሽ ወይም ሒጃብ ካለ ጫፉ ከሽርጡ ውስጥ ይገባል፤ የአንገት ማዕተብም እንዳይንጠለጠል ወደ ውስጥ። በማሽኑ ዙሪያ በተሠመረው ቢጫ መስመር ውስጥ አንድ ሰው ብቻ። ብዙ እናቶች «ጓንት ያድርጉ» ይሉኛል፤ በሚሽከረከር ትራፓኖ ላይ ጓንት ክልክል ነው፣ ማሽኑ ጨርቁን ይዞ እጅን ይጎትታል። ቀጭን ናስ ወይም ላሜራ ሲበሳ በእጅ አይያዝም፤ መብሻው ጫፉ ሲወጣ ሉሁን ነጥቆ እንደ ቢላ ያሽከረክረዋል። በሞርሳ ወይም በማጥበቂያ ይታሰራል። ሌዘር ውስጥ ደግሞ ፒቪሲ አይገባም፤ ሲቃጠል ክሎሪን ያለበት መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ማሽኑንም ይበላዋል። ከቤት «ፕላስቲክ ነው» ብለው ቁራጭ ይዘው የሚመጡ ልጆች ስላሉ ምን እንደሆነ ካላወቅኩ አልቆርጥም፤ ክፉ ነች እያሉ ያሙኛል፣ ይሙኝ።

ከአገር ቤት በቅርብ ለመጡ ልጆች ይህ ትምህርት ከታሪክ ወይም ከሥነ ጽሑፍ ይልቅ ቶሎ ይቀናል፤ እጅ ሲሠራ ቋንቋ ይከተላል። እኔ ካቻቢቴ፣ ስኳድራ፣ ሴጌቶ፣ ፒንሳ እያልኩ ነው የመጣሁት። የእንግሊዝኛ ስማቸውን የያዝኩት መሣሪያውን በደብተር እየሣልኩ፣ ከሥሩ ስሙንና የሚሠራውን እየጻፍኩ ነው። ግን በፈተናው ላይ ቃል ብቻ አይበቃም። «ለምን ተስማሚ እንደሆነ አብራራ» ሲባል አንድ ባሕርይ ጠርቶ ከዕቃው ጥቅም ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። «ቢች ጠንካራ ስለሆነ» አንድ ነጥብ፤ «ቢች ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የልጅ መጫወቻ ሲወድቅ በቀላሉ አይጎደጉድም» ሁለት። የቀድሞ ፈተናዎች በቦርዶቹ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ፣ ከነማረሚያቸው። ቢቢሲ ባይትሳይዝም ይጠቅማል። ለዚህ ትምህርት የግል አስጠኚ መቅጠር እኔ አልመክርም።

ስለ ወጪ የሚጠይቁኝም አሉ። ተማሪው በትምህርት ሰዓት ለሚሠራው ክፍያ መጠየቅ አይፈቀድም፤ ዕቃውን ቤት መውሰድ ከፈለጋችሁ ግን የቁሳቁሱን ዋጋ ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ። አቅም ካነሰ መናገር ነው፣ ብዙ ጊዜ መላ አይጠፋም። እኔም ብዙ ቁራጭ እንጨት አስቀምጣለሁ።

ከዚያ በኋላስ? ሳይንስና ሒሳብ የሚወድ ልጅ ከጂሲኤስኢ በኋላ በሚመጣው ኤ ሌቭል ላይ ፕሮዳክት ዲዛይንን ከሒሳብና ከፊዚክስ ጋር ሊይዝ ይችላል፤ ወደ ኢንጂነሪንግና ወደ አርክቴክቸር ለሚያስቡ ማኅደር የማዘጋጀት ልምዱ ራሱ ስንቅ ነው። ከ2020 ጀምሮ ቲ ሌቭል የሚባል የሙያ ትምህርትም መጥቷል፤ ሁለት ዓመት ነው፣ ቢያንስ 315 ሰዓት በሥራ ቦታ ልምምድ አለው። እየሠሩ ደመወዝ እያገኙ የሚማሩበት አፕረንቲስሺፕ ደግሞ አለ፤ የእኛ ሰው ገና ብዙም አላየውም። ኢንጂነር እንዲሆን የሚፈልጉት ልጅ ግን ኢንጂነሪንግ ስለመረጠ ብቻ ዲቲን መዝለል አለበት የሚሉ ወላጆች ገጥመውኛል፤ ይህ አይገባኝም። ሊሠራው ከሚመኘው ሥራ ጋር ከዝርዝሩ ውስጥ የሚቀርበው እሱ ነው። ልጁ ሐኪም ልሁን ካለና ቦታ የቀረው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ያኔ ቋንቋ ወይም የሚወደውን ሌላ ይያዝ፣ አልከራከርም።

የምርጫው ምሽት ሲደርስ ወርክሾፑን አሳዩን በሉ። በሁሉም ትምህርት ቤት ትምህርቱ እኩል አይሰጥም፤ አንዳንዱ ጋ ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ልጆቹ በካርቶንና በኮምፒውተር ብቻ ይጨርሳሉ። ብረት ማግያ ምድጃ አለ ወይ? በየትኛው ቁሳቁስ ላይ ነው ተማሪዎቹ የሚያተኩሩት፣ በእንጨት፣ በብረት፣ በፕላስቲክ ወይስ በጨርቅ? በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ነው? ያለፈው ዓመት ልጆች የሠሩትን ማኅደር ማየት ይቻላል? ቴክኒሻን አለ? ካለ፣ መምህሩ ሲጨርስ ቀስ ብላችሁ ወደ እሱ ጠጋ በሉ፤ የትኛው ማሽን እንደሚሠራና የትኛው ለእንግዳ እንደቆመ የሚያውቀው እሱ ነው።